አትክልትን በሸክላ ዕቃ ስለ ማቆየት፤ ከሱዳን የተገኘ ትምህርት

አትክልተኛ የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው ያፈራው ሁሉ ሲሸጥለት ነው። ቲማቲምና ባሚያ ግን እንደ እህል በጎተራ የሚከማቹ አይደሉም። በሙቀት አገር ጧት ያልተሸጠ ቲማቲም ማታ ይለሰልሳል፤ ባለቤቱም ከሚበላሽብኝ ብሎ በረከሰ ዋጋ ይለቀዋል። ስለዚህ ምርትን ማብዛት ብቻውን አይበቃም፤ የተመረተውን ከብልሽት ማዳንም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ይህ ጉዳይ በካርቱም ግልጥ ሆኖ ይታያል። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ ያለችው የቱቲ ደሴት በአትክልቷና በሎሚዋ ከተማይቱን ስትመግብ የኖረች ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ድልድይ እስኪከፈትላት ድረስ ምርቷ ወደ ገበያ የሚሻገረው በጀልባ ነበር። በግንቦትና በሰኔ የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ዓ.ም. (በዚያው አቆጣጠር) ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ በብዙ ሰፈር ኤሌክትሪክ ስለ ተቋረጠ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ከሌለው አልተሻለም።

ሱዳኖች ግን ኤሌክትሪክ የማያሻው ማቀዝቀዣ ከጥንት አላቸው። ይኸውም «ዚር» የሚባለው የመጠጥ ውሃ ጋን ነው፤ መንገደኛ እንዲጠጣበት በየደጁ ይቀመጣል። ውሃው በሸክላው ረቂቅ ቀዳዳዎች እያላበ ሲተን ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ፣ በጋኑ ውስጥ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል።

ይህንኑ ጥበብ ለአትክልት ያዋሉት መሐመድ ባህ አባ የተባሉ ናይጄሪያዊ መምህር ናቸው። በ1995 አንዱን ማሰሮ በሌላው ውስጥ አድርገው ሠሩ፤ በ2000ም የሮሌክስን ሽልማት አገኙ። በሱዳንም ፕራክቲካል አክሽን የተባለው ድርጅት ከጀዚራ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ዕቃውን ፈተነው። ቲማቲም ከ2 ቀን ወደ 20 ቀን፣ ካሮት ከ4 ቀን ወደ 20 ቀን፣ ባሚያ ከ4 ቀን ወደ 17 ቀን መቆየቱ ታወቀ። በዳርፉር በአልፋሺር ከተማ የሴቶች ማኅበር ይህን ዕቃ እየሠራ ይሸጥ ነበር።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ያልተለበጠ ሰፊ ማሰሮና በውስጡ የሚገባ አነስተኛ ማሰሮ ማዘጋጀት።

ሁለተኛ፤ በትልቁ ማሰሮ ሥር ንጹሕ አሸዋ አንጥፎ ትንሹን በላዩ ማስቀመጥ፤ በሁለቱ መካከል ያለውንም ክፍተት በአሸዋ መሙላት።

ሦስተኛ፤ አሸዋውን በውሃ ማራስ፤ ይህንም በቀን ሁለት ጊዜ መድገም።

አራተኛ፤ አትክልቱን በትንሹ ማሰሮ አስገብቶ እርጥብ ጨርቅ ማልበስ፤ ዕቃውንም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማኖር።

ይሁን እንጂ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አየሩ እርጥብ በሆነበት ስፍራ፣ በባሕር ዳርቻም ሆነ በዝናብ ወራት፣ ውሃው በደንብ ስለማይተን ዕቃው እምብዛም አይቀዘቅዝም። ጨዋማ ውሃ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል። የተሰነጠቀ ወይም የተጨፈለቀ ፍሬ ከደኅናው ጋር ቢገባ ሌላውን ያበላሻል። ሥጋና ወተትም እንደ ፍሪጅ ያቆይልኛል ብሎ ማመን አይገባም።

በመተማና በሑመራ አካባቢ ባለው ሞቃት ቆላ፣ አየሩ ደረቅ በሚሆንባቸው ወራት፣ ይህ ዘዴ ሊሞከር የሚገባው ነው። አሸዋውና ጭቃው በአገር ውስጥ አለ፤ የሸክላውም ሙያ አለ። ሸክላ ሠሪን መናቅ በአገራችን ብዙ ዘመን የቆየ መጥፎ ልማድ ነው። ባለሥልጣኖች ሸክላ ሠሪውንና አትክልተኛውን በአንድነት አስተባብረው በጥቂት ማሰሮ ቢያስጀምሩ፣ የአንዱ ሙያ የሌላውን ምርት ያድናል፤ ገበሬውም በገዢ ችኮላ ሳይሆን በራሱ ጊዜ ይሸጣል።