የጡት ካንሰርና የመንገዱ ርቀት

በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰር የመጀመሪያውን ስፍራ ይይዛል። በሽታው በሁሉም ስፍራ አንድ ሲሆን የታማሚዎቹ ዕድሜ ግን እንደየአካባቢው ይለያያል። በዚህ ትምህርት ምክንያቱን እንመለከታለን።

ሦስት እናቶች በአንድ ወር ጡታቸው ላይ እብጠት አገኙ እንበል። አንደኛዋ በአዲስ አበባ፣ ሁለተኛዋ እዚህ መቀሌ በዓዲ ሓቂ፣ ሦስተኛዋ በአበርገሌ ገጠር ይኖራሉ። የአዲስ አበባዋ እናት ወረፋውና ወጪው ቢከብዳትም ምርመራውም፣ ቀዶ ሕክምናውም፣ ጨረሩም በከተማዋ አለላት። የዓዲ ሓቂዋ እናት እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የዓይደር ሆስፒታል ቅርቧ ነው። ነገር ግን የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ሌላ ማዕከል አልነበረም። ስለዚህ የመቀሌ ታማሚ 780 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረባት። ጨረሩ ለሳምንታት በየዕለቱ የሚሰጥ ስለሆነ ከመኪናው ዋጋ ይልቅ የማደሪያውና የምግቡ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ደግሞ መንገዱ ተዘጋ፤ በዓይደርም የካንሰር መድኃኒት አለቀ። ለአበርገሌዋ እናት ግን በሰላሙም ጊዜ ዓይደር ራሱ ሩቅ ነው።

ርቀት በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ እብጠቱ በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ ስለማያም እናቲቱ «እህሉ ከገባ በኋላ እሄዳለሁ» ትላለች፤ እስከዚያ በሽታው ወደ ብብት፣ ከዚያም ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባና ወደ ጉበት ሊዛመት ይችላል። ሁለተኛ፣ የተጀመረው ሕክምና ይቋረጣል። ኬሞቴራፒ ለወራት በቀጠሮ ይሰጣል፤ ታሞክሲፈን የተባለውም እንክብል፣ ለታዘዘላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ይዋጣል።

በምዕራብ ወለጋ በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አይራ ሆስፒታል የታከሙ ሴቶች ሲጠኑ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ግማሽ ያህሉ ነበሩ፤ በጊዜ የመጡት ግን ዘግይተው ከመጡት ይልቅ በብዙ ተርፈዋል። በበለጸጉት አገሮች ከመቶ ከ90 የሚበልጡት 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ፣ ከታማሚዎቹም 80 በመቶ የሚሆኑት ሕክምናቸውን እንዲፈጽሙ ግብ አድርጓል።

ወገኖች ሆይ፣ ማኅበረ ምእመናን የጨረር መሣሪያ መግዛት አይችሉም፤ መንገዱን ግን ማሳጠር ይችላሉ። ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ የነደሉት አራቱ ሰዎች ሐኪሞች አልነበሩም። እኛም፦

1. እብጠት ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ሁሉም መመርመር እንዳለበት በሴቶች ኅብረት እናስተምር፤ ለባሎችም እንንገር።
2. ጸሎትና ሕክምና እንደማይጣሉ በግልጽ እንናገር።
3. ለመጓጓዣ መዋጮ እናድርግ፤ ከገጠር ለሚመጡት በከተማ ማደሪያ እናዘጋጅ።
4. የታማሚዋን ቀጠሮ የሚያስታውስ፣ ልጆቿንና ከብቶቿን የሚጠብቅ ሰው እንመድብ።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን ሕክምና ጀምራ ያቋረጠች እናት አለችን? ያቋረጠችው ምን አጥታ ነው? እስከሚቀጥለው ቀጠሮዋ ድረስ ከመካከላችን ማን ምን ሊያደርግላት ይችላል?