መለኪያን ስለ ማስተካከልና ስለ ጋራ ብዜት

ብዙ ሕፃናት መደመርንና ማባዛትን አጥርተው ሳሉ፥ በቃል የሚነገር የሒሳብ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ይሳሳታሉ። ምክንያቱም መለኪያውን ሳያስተካክሉ ቁጥሩን ብቻ ይዘው ስለሚቸኩሉ ነው። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ «ይህ ቁጥር የምን ቁጥር ነው?» ብሎ ይጠይቃቸው።

በቡና ንግድ 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንድ ገበሬ 3 ፈረሱላ ቡና ሰጥቶ የ50 ኪሎ ዋጋ ቢቀበል፥ 3 ጊዜ 17 51 ነውና የ1 ኪሎ ዋጋ ቀረበት። ልጁ ይህን ሒሳብ ቢያውቅ ግን የአባቱ ድካም ባልጐደለ ነበር።

ሁለተኛ ምሳሌ። የቡና ነጋዴ በየ6 ቀኑ፥ የማር ነጋዴ በየ2 ሳምንቱ ወደ ቱም ይመጣሉ ቢባል፥ ዛሬም ሁለቱ ቢገናኙ፤ ቡናና ማር በአንድ በቅሎ ጭኖ ከሩቅ የሚመጣ ገበሬ ሁለቱን ዳግመኛ በአንድነት የሚያገኛቸው ከስንት ቀን በኋላ ነው?

ቀንንና ሳምንትን ያላስተካከለ ተማሪ፥ የ6ና የ2 የጋራ ብዜት 6 ነው ብሎ ይመልሳል። ገበሬውም በ6ኛው ቀን ቢመጣ ማሩን እንደ ጫነ ይመለሳል። 2 ሳምንት 14 ቀን መሆኑን ዐውቆ 6ን በ14 የሚያባዛም 84 ያገኛል፤ ይህም የጋራ ብዜት ነው፥ ነገር ግን ትንሹ አይደለም፤ ገበሬው አንዱን መገናኛ ቀን በከንቱ ያሳልፋል። ትክክለኛው መንገድ ብዜቶቹን በተራ መጻፍ ነው፤ ይኸውም፦

የ6፦ 6፥ 12፥ 18፥ 24፥ 30፥ 36፥ 42
የ14፦ 14፥ 28፥ 42

መልሱ 42 ቀን ነው። 84 እጥፍ ሆኖ የተገኘው 6ም 14ም ለ2 ስለሚካፈሉ ነው። ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ለሌላቸው ቁጥሮች ግን ማባዛት ብቻ ይበቃል።

ይህ ጥበብ ባሕረ ሐሳብ ለተማሩ ሽማግሌዎች እንግዳ አይደለም። 7ቱ ዕለታትና 4ቱ ወንጌላውያን የሚገናኙበት ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት ነው፤ ወንጌላውያኑና የ19 ዓመቱ ዐውደ አበቅቴ የሚገናኙበት ዐውደ ማኅተም 76 ዓመት ነው፤ ሦስቱም የሚገናኙበት ዐውደ ቀመር 532 ዓመት ነው። 4፥ 7ና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውምና ሊቃውንቱ አባዝተው አገኙት። መምህሩም እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ወደ ተማሪ ቤት ጠርቶ ቢያስነግር፥ ልጆች ሒሳብ የአባቶቻቸውም ዕውቀት መሆኑን ይረዳሉ።

መልመጃ። አንዱ ነጋዴ በየ9 ቀኑ፥ ሁለተኛው በየ3 ሳምንቱ ቢመጣ፥ ዛሬ የተገናኙት መቼ ይገናኛሉ? መልስ፤ ከ63 ቀን በኋላ።