ሸሚዙ የት የት ያድራል? የምርት ሂደትን በካርታ ስሎ ብክነትን የመቀነስ መመሪያ

ነሐሴ ሲገባ ዩኒፎርም የሚሰፉ ቤቶች እንቅልፍ ያጣሉ። መስከረም ደርሷል፣ ወላጅ ይጠይቃል፣ የትምህርት ቤቱ ስልክ አያርፍም። ባለቤቱ ማታም ያሠራል፣ ሰው ይጨምራል፣ ተበድሮም ቢሆን ሌላ ሲንጀር ይገዛል። ሸሚዙ ግን ያው ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ቀድሞ የሚጠረጠረው የሠራተኛው እጅ ነው፤ «ሥራ አይገፉም» ይባላል። እኔ ግን በየስፌት ቤቱ ስዞር ያየሁት ሌላ ነው። ሰፊዎቹ ቀና ሳይሉ ይሠራሉ፤ የቆመው ሸሚዙ ነው። በአንዱ ሥራና በሚቀጥለው መካከል ተከምሮ፣ ማንም ሳይነካው ቀናት ያልፉታል። ይህን ክምር ከነምክንያቱ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያሳየው የእሴት ፍሰት ካርታ ነው።

ዘዴው የመጣው ከጃፓኑ ቶዮታ ነው። የቶዮታን የአመራረት ሥርዓት ካቆሙት አንዱ የሆኑት ታይቺ ኦኖ ብክነትን በ7 ከፍለው አስተምረዋል፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ዕቃ ማመላለስ፣ ሳያስፈልግ ሥራ ማብዛት፣ ክምችት፣ የማያስፈልግ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ብልሽት። ኦኖ ከሁሉ የከፋ ያሉት የመጀመሪያውን ነው፤ ከሚፈለገው በላይ የተመረተ ነገር ሌሎቹን ስድስቱን ጎትቶ ያመጣልና። ቶዮታ ውስጥ የዕቃና የመረጃ ፍሰትን በሥዕል የማስቀመጥ ልምድ ነበር፤ ማይክ ሮዘርና ጆን ሹክ የተባሉ አሜሪካውያን ይህን ልምድ በመጽሐፍ አሳትመው ለዓለም አዳረሱት።

በአገራችን ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በጃፓን ድጋፍ ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሥልጠናውን የወሰደ ሁሉ አምስቱን «ማ»ዎች ያውቃል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ጥሩ መነሻ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ቦታ ሥራው እዚያው ይቆማል። በሥርዓት የተደረደረ፣ አቧራ የተጠረገለት የ600 ሸሚዝ ክምር አሁንም ክምር ነው። አምስቱ «ማ»ዎች አንዱን ጥግ ያስተካክላሉ፤ ካርታው በጥግና በጥግ መካከል ያለውን ያሳያል።

ከመሳልዎ በፊት

አንድ ምርት ብቻ ይምረጡ። ሸሚዝ፣ ሱሪና ጃኬት በአንድ ወረቀት ላይ ልሳል ያለ ሰው መጨረሻው የክር ውጥንቅጥ ነው። ብዙ የሚሸጠውን ወይም ብዙ ወቀሳ የሚያመጣውን ይውሰዱ። ትልቅ ነጭ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ሰዓት ያለው ስልክ ይበቃል። በእርሳስ ያልኩት ስለሚሳሳቱ ነው፤ ሁሉም ይሳሳታል። ኮምፒዩተር ላይ የሚሳለው ካርታ ያምራል፣ ግን ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያስበውን እንጂ ወለሉ ላይ ያለውን አያሳይም።

ከዚህ ቀጥሎ የምለውን እባክዎ አይዝለሉት። ሰዓት ይዘው ሰፊዋ አጠገብ ከመቆምዎ በፊት ሠራተኞቹን ሰብስበው ዓላማውን ይንገሩ። «የምንለካው የሸሚዙን ጉዞ ነው፤ በዚህ የተነሳ ማንም አይባረርም፣ የማንም ክፍያ አይነካም» ይበሉ፤ ያሉትንም ይጠብቁ። ይህ ሳይነገር የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም። አንዷ ፈርታ ትፈጥናለች፣ ሌላዋ ሆን ብላ ትዘገያለች፣ እርስዎም የሁለቱን ፍርሃት ካርታ ላይ ያሰፍራሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የገበያውን ምት ማወቅ

ለምሳሌ የሚሆነን አንድ ስፌት ቤት እንውሰድ። ደንበኞቹ በቀን 120 ሸሚዝ ይፈልጋሉ። የሥራው ቀን 8 ሰዓት ነው፤ የሻይ ዕረፍት 30 ደቂቃ ሲቀነስ 450 ደቂቃ ይቀራል። 450ን ለ120 ሲያካፍሉ 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይመጣል። ይህ የታክት ጊዜ ይባላል፤ ታክት በጀርመንኛ የሙዚቃ ምት ማለት ነው። ገበያው በየ3 ደቂቃ ከ45 ሰከንዱ አንድ ሸሚዝ ይጠይቃል እንደማለት ነው። ከዚህ የሚዘገይ የሥራ ደረጃ ካለ ማነቆው እሱ ነው፤ ከዚህ እጅግ የሚፈጥን ካለ ደግሞ ክምር የሚሠራው እሱ ነው።

መብራት የሚጠፋበትን ጊዜ መቀነስ አይርሱ። ለሁለት ሳምንት ያህል የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ግድግዳ ላይ ይጻፉና አማካዩን ከ450ው ላይ ያንሱ። ስሌቱን ቀላል ለማድረግ እዚህ ትቼዋለሁ።

ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መራመድ

ከማሸጊያው ይነሱና ወደ ጨርቅ መጋዘኑ በእግርዎ ይሂዱ። ከመጀመሪያው ከጀመሩ «እንዲህ እናደርጋለን» የሚለውን የለመዱትን ታሪክ ይደግማሉ፤ ከኋላ ሲመጡ ግን በየደረጃው «ይህ ከየት መጣ?» ብለው ለመጠየቅ ይገደዳሉ። ዓይን እንደለመደው አይቶ ያልፋል፤ ስለዚህ ክምሩን በእጅ ይቁጠሩ። መዝገብ ላይ ያለውን ቁጥር አይውሰዱ። ሁሉንም በአንድ ቀን ይጨርሱ።

ሰዎቹንም ያነጋግሩ። ኮሌታ የምትሰፋዋን «እህቴ፣ ይህ እስር እጅሽ ከገባ ስንት ቀን ሆነው?» ቆራጩን «ጋሼ፣ ዛሬ የሚቆርጡትን ማን ነገረዎት?» ይበሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው አይተናነስም። ትእዛዝ በምን መንገድ እንደሚሄድ የሚገለጠው በዚህ ነው፤ በባለቤቱ ስልክ ይሁን፣ በብጣሽ ወረቀት ወይስ «ጨርቅ ስላለ ቆረጥኩ» በሚል።

ወረቀቱ ላይ ማስፈር

በስተቀኝ ላይ ደንበኛውን፣ በስተግራ ላይ ጨርቅ አቅራቢውን ይሳሉ። ከታች ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ሳጥን፣ በየመካከሉ ለሚገኝ ክምር አንድ ሦስት ማዕዘን። ከሳጥኑ ሥር አንድ ሸሚዝ በስንት ጊዜ እንደሚወጣ፣ ስንት ሰው እንዳለና ስንቱ ተበላሽቶ እንደሚመለስ ይጻፉ። ትእዛዝ የሚሄድበትን መንገድ ከላይ በቀጭን ቀስት ያሳዩ። ሌሎች ምልክቶች አሉ፤ ለመጀመሪያው ካርታ አያስፈልጉም።

በምሳሌያችን አንድ ሸሚዝ ቆረጣ 1 ደቂቃ ይፈጃል፤ ኮሌታ 3 ደቂቃ፤ ዋናው ስፌት አራት ሰዎች ሦስት ሦስት ደቂቃ ተከፋፍለውት በድምሩ 12 ደቂቃ፤ ቁልፍ ቤት መክፈትና ቁልፍ መስፋት 4 ደቂቃ፤ ካውያ 2 ደቂቃ ተኩል፤ ምርመራና ማሸግ 1 ደቂቃ ተኩል። ሲደመር 24 ደቂቃ ነው።

አሁን ሦስት ማዕዘኖቹን ወደ ቀን ይለውጡ፤ የክምሩን ብዛት ለ120 ማካፈል ነው። መጋዘን ያለው ጨርቅ 1,200 ሸሚዝ ይወጣዋል፣ 10 ቀን። ከቆረጣ በኋላ 600 አለ፣ 5 ቀን። ከኮሌታ በኋላ 120፣ 1 ቀን። ከስፌት በኋላ ቁልፍ የሚጠብቅ 360፣ 3 ቀን። ከቁልፍ በኋላና ከካውያ በኋላ 60 60፣ ግማሽ ግማሽ ቀን። ተጠናቅቆ መኪና የሚጠብቅ 360፣ 3 ቀን። ድምሩ 23 ቀን። ከሳጥኖቹ ሥር እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚል መስመር ያስምሩና በአንዱ እርከን ቀኖቹን፣ በሌላው ደቂቃዎቹን ይጻፉ።

ሃያ አራት ደቂቃ ለሚሠራ ሸሚዝ ሃያ ሦስት ቀን። የሥራ ሰዓቱን ብቻ ቢቆጥሩ እንኳ 10,350 ደቂቃ ነው፤ ከ1,000 ደቂቃ ውስጥ እጅ የሚነካው 2 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። የሰፊዎቹን ፍጥነት በእጥፍ ቢያሳድጉ ከ23ቱ ቀን ላይ የሚቀነሰው ደቂቃ ነው። ይህን ያየ ባለቤት ሠራተኛው ላይ መጮኹን ያቆማል ብዬ አምናለሁ።

ካርታውን ማንበብ

ማነቆው ቁልፍ ነው፤ 4 ደቂቃው ከታክቱ ይበልጣል፣ በቀን ከ112 ሸሚዝ በላይ አይወጣውም። ከፊቱ 360 ሸሚዝ የተከመረው ለዚህ ነው።

ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን የብልሽቱ መንገድ ነው። ኮሌታው ተጣሞ ቢሰፋ የሚታየው መጨረሻ ላይ ምርመራው ዘንድ ነው። በኮሌታና በምርመራ መካከል ያሉትን ክምሮች ይደምሩ፦ 120፣ 360፣ 60፣ 60። ስህተቱ እስኪታወቅ 600 ሸሚዝ በዚያው ጥመት ሊያልፍ ይችላል። ክምር ገንዘብ ማሰሩ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ጥፋትንም ይደብቃል።

ከቆረጣ በኋላ ያለው የ5 ቀን ክምርስ? ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የክፍያው ዓይነት ነው። ቆራጩ በቁጥር የሚከፈለው ከሆነ ብዙ ቢቆርጥ አይፈረድበትም፤ ልጆቹን የሚያበላው በዚያ ነው። ከሚፈለገው በላይ አታምርት ብሎ ማዘዝና ብዙ ላመረተ ብዙ መክፈል አብረው አይሄዱም። ክፍያውን ቆራጩን በማይጎዳ መልኩ፣ ከእሱ ጋር ተመካክረው፣ ተጠናቅቆ በወጣ ሸሚዝ ቁጥር ማስላት አንድ መንገድ ነው።

የነገውን ካርታ መሳል

ሌላ ወረቀት ይውሰዱና ከሦስት ወር በኋላ እንዲሆን የሚፈልጉትን ይሳሉ። ከማነቆው ይጀምሩ። የቁልፍ ሠራተኛዋ በእያንዳንዱ ሸሚዝ ላይ ትርፍ ክር ለመቁረጥ 45 ሰከንድ ታጠፋለች እንበል። ያ ሥራ ወደ ምርመራ ቢዛወር የእሷ ወደ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይወርዳል፣ የምርመራው ወደ 2 ደቂቃ ከ15 ይወጣል፤ ሁለቱም ከታክቱ በታች ናቸው። ማሽን አልተገዛም።

ቆረጣው በየ2 ቀኑ 240 ብቻ ይቁረጥ። ከኮሌታ ጀምሮ እስከ ምርመራ ባሉት በአራቱም መካከሎች 60 ሸሚዝ ብቻ የሚይዝ መደርደሪያ ያስቀምጡና ወሰኑን በቀይ ፕላስተር ያስምሩ። መደርደሪያው ከሞላ ከኋላ ያለው ይቁም፤ ቆሞም ፊት ያለውን ያግዝ። መጀመሪያ ሰው ቆሞ ሲታይ ያስፈራል፣ ግን ያ የቆመ ሰው ችግሩ የት እንዳለ እየጠቆመዎት ነው። መኪናው ቶሎ ቶሎ ቢመላለስና የተጠናቀቀው ከ180 ባይበልጥ የመጋዘኑ ጨርቅ ሳይቆጠር በግቢው ውስጥ ያለው ቆይታ ከ13 ቀን ወደ 5 ቀን ተኩል ይወርዳል። ለተጣመመ ኮሌታ የተጋለጠው ሸሚዝም ከ600 ወደ 240።

የጨርቁን የ10 ቀን ክምችት አልነካሁትም። የውጭ መጻሕፍት ይህንንም ቀንሱ ይላሉ፤ ጨርቅ ዛሬ ተገኝቶ ነገ በሚጠፋበት ገበያ ግን ያ ክምችት መድን ነው። አቅራቢው ቀኑን የሚያከብር ሲሆን ቀስ በቀስ ይቀንሱት።

ለእያንዳንዱ ለውጥ አንድ ሰውና አንድ ቀን ይመድቡ፤ «ሁላችንም» የተባለ ሥራ የማንም አይደለም። ካርታውንም ሠራተኞቹ ሻይ በሚጠጡበት ቦታ ይስቀሉት፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ተከፍሎበት የተሠራ ካርታ ቢሮ ተቆልፎበት፣ ሰፊዎቹ አንድ ቀን እንኳ ሳያዩት ቀለሙ ሲጠፋ ተመልክቼ አዝኛለሁ።

ጥቅምት ላይ እንደገና ይቁጠሩ። ትእዛዙ በቀን ወደ 60 ከወረደ ታክቱ 7 ደቂቃ ተኩል ይሆናል፤ በነሐሴ ማነቆ የነበረው የቁልፍ ማሽንም ከቀኑ ግማሽ ያህሉን ያርፋል። ሁለተኛ የቁልፍ ማሽን ለመግዛት አስበው ከነበረ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ስሌት ይሥሩ።