ጠያቂ ለሌለው ታራሚ፦ ከአገና ዕድር እስከ ወልቂጤ ማረሚያ፣ ደረጃ በደረጃ

በመስቀል ሰሞን በሬ ነድቶ ማረሚያ ቤት የሚሄድ ማኅበር አይጠፋም። ደግ ሥራ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን በሬው የአንድ ቀን ነው። ታራሚው በኅዳርም ሳሙና ያልቅበታል፤ በጥር የፍርድ ግልባጭ የሚያወጣለት ሰው ያጣል፤ በሰኔ ልጁ ክፍል ማለፍ አለማለፉን የሚነግረው አይኖርም። የሚፈታበት ቀን ሲደርስ ደግሞ በር ላይ ማንም አይጠብቀውም። ስለዚህ ሥራችሁን ለዓመቱ ሙሉ አዘጋጁት።

ይህ ቅደም ተከተል በአገናና በእዣ ቀበሌዎች ላለ ዕድር፣ የሴቶች ማኅበር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመስጊድ ጀመዓ የተጻፈ ነው። የቡታጅራ ሰዎችም የቦታውን ስም ቀይራችሁ ሥሩበት።

አስቀድማችሁ እነዚህን ያዙ፦ አንድ ትልቅ ባለ መስመር ደብተር፣ አንድ ክላሴር፣ እስክሪብቶ፣ የማኅበሩ ማኅተም፣ የገቢና የወጪ ደረሰኝ፣ ሁለት ንጹሕ ዘንቢል።

ደረጃ 1፦ አምስት ሰው ምረጡ

ጽሑፉ የሚነበብ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የተከበረ ሽማግሌ፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ለመጠየቅ የማያፍር ወጣት ይኑሩበት። ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ሴት ታራሚ ሞዴስ እንደሌላት ለወንድ አትናገርም።

የታሳሪ ወንድም ወይም እናት ገንዘብ ያዥ አይሁኑ። ሐሜት ከተነሳ ሥራው በአንድ ወር ይፈርሳል።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ የተበደለውን ቤት ጎብኙ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። እንደ አገና ባለች ከተማ የተበዳዩም የበዳዩም ቤተሰብ አንድ ዕድር ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። የተበዳይ ቤተሰብ ለታሳሪው ስንቅ መቋጠራችሁን በወሬ ከሰማ ዕድሩ ለሁለት ይከፈላል።

ሽማግሌውንና ሴቷን ላኩ። ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ከዚያ ዓላማችሁን በግልጽ ንገሯቸው፦ ወንጀሉን ልትሸፍኑ አልመጣችሁም፤ ፍርዱንም አታስቀሩም። በእነሱ በኩል ምን እንደጎደለም ጠይቁ። የሚታረስ መሬት፣ የሚከፈል የሕክምና ወጪ፣ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ካለ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። የማኅበሩ መዋጮ መጀመሪያ ለዚህ ቤት ይዋል።

ደረጃ 3፦ ዝርዝሩን አውጡ

በደብተሩ ላይ ስድስት ዓምድ አስምሩ፦ ስም፣ የታሰረበት ቀን፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ያለበት ቦታ፣ ቀጣይ ቀጠሮ፣ ጠያቂ አለው ወይስ የለውም። ከስሙ አጠገብ ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ ወይም ፍርደኛ መሆኑን ጻፉ። የሦስቱ ፍላጎት ይለያያል።

ጠያቂ የሌላቸውን በቀይ አስምሩባቸው። ከእነሱ ጀምሩ። በሳምንት ሁለት ጊዜ እናቱ የምትመጣለት ሰው ጠያቂ የሌለውን ያህል አይጎዳም።

ደብተሩን ቆልፉበት። የሰው ስምና ክስ የቡና ላይ ወሬ አይሁን።

ደረጃ 4፦ አዲስ ለተያዘ ሰው በዚያው ቀን ድረሱ

ሰው ሲያዝ ወረዳው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። በትሕትና አራት ነገር ጠይቁ፦ በምን ተጠረጠረ? መቼ ተያዘ? ፍርድ ቤት መቼ ይቀርባል? ቤተሰቡ ያውቃል?

የተያዘበትን ሰዓት ጻፉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ሰዓቱ ካለፈ የጣቢያውን ኃላፊ አነጋግሩ። አትጩኹ፤ የጻፋችሁትን ሰዓት አሳዩ።

ዋስትና ከተፈቀደ ዋስ ፈልጉ። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ጥሬ ገንዘብ ይሁን የደመወዝ ዋስ መጀመሪያ አጣሩ። ዋስ የሚሆነው ሰው ቀጠሮውን እንዲያውቅ አድርጉ፤ ተጠርጣሪው ከቀረ ዕዳው የእሱ ነው።

ጠበቃ የሚያቆምበት አቅም ከሌለው ለዳኛው ራሱ እንዲናገር ምከሩት። አንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል። አፍሮ ዝም ካለ ማንም አይጠይቅለትም።

ደረጃ 5፦ ለማረሚያው ደብዳቤ ጻፉ

በማኅበሩ ስም፣ በማኅተም ጻፉ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ሰው እንደምትልኩ፣ በወር ስንት ጊዜ እንደምትመጡ፣ ምን እንደምታመጡ ግለጹ። የጠያቂዎቹን ስም ከቀበሌ መታወቂያ ቅጂ ጋር አያይዙ። ሁለት ቅጂ ውሰዱ፤ አንዱን አስገቡ፣ በሌላው ላይ የመቀበያ ፊርማና ቀን አስፈርሙ። የተፈረመበትን በክላሴሩ አኑሩ።

በዚያው ቀን የመጠየቂያ ቀንና ሰዓቱን፣ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ጠይቃችሁ ጻፉ። ታሳሪ በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እንዲህ ይላል። የመግቢያውን ሥርዓት የሚያወጣው ግን ተቋሙ ነው። አክብሩት።

ደረጃ 6፦ ስንቁን ቋጥሩ

ለአንድ ሰው ለአንድ ወር ይህን አስቡ፦ የገላ ሳሙና፣ የልብስ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽና ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ፣ የውስጥ ልብስ። ለሴቶች ሞዴስ ጨምሩ። ሕፃን ይዛ ለታሰረች እናት ዳይፐርና የልጅ ልብስ አትርሱ።

ምግቡ የሚቆይ ይሁን፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ቆጮ የምትወስዱ ከሆነ በጠዋቱ ጋግሩት፣ አቀዝቅዙት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ክትፎ አትላኩ፤ እስኪፈተሽና እስኪደርስ ይበላሻል።

በጠርሙስ ምንም አትያዙ። ምላጭ፣ ቢላ፣ ስልክ፣ ሲም ካርድ፣ ሲጋራ፣ ጫትና መጠጥ በዘንቢሉ አይግቡ። አንድ ጥቅልል ጫት ከተገኘ የማኅበሩ ሁሉ በር ይዘጋል።

መድኃኒት በስንቅ ውስጥ አትደብቁ። ከሐኪም ማዘዣው ጋር ለተቋሙ ክሊኒክ አስረክቡ።

ደረጃ 7፦ በሩ ላይ

በጠዋት ከአገና መናኸሪያ ተነሡ። መታወቂያ ያዙ። ሰልፍ ላይ የታራሚውን ሙሉ ስም እስከ አያቱ በወረቀት ይዛችሁ ቁሙ፤ ስም መመሳሰል ብዙ ሰው ያመላልሳል።

ፈታሹ ቆጮውን ቆርሶ ያያል፤ በሶውን በማንኪያ ያማስላል፤ «ቅመሱ» ሊላችሁም ይችላል። ሳታጉረመርሙ ቅመሱ። ፈታሹን በስሙ ሰላም በሉት። በሚቀጥለው ወርም የምታገኙት እሱን ነው።

ገንዘብ በእጅ አታቀብሉ። በተቋሙ በኩል በታራሚው ስም አስመዝግቡና ደረሰኝ ተቀበሉ።

ደረጃ 8፦ ስትገናኙ አድምጡ

ስለ ወንጀሉ አትጠይቁ። ምርመራው የፖሊስ ሥራ ነበር። ይህን ጠይቁ፦ ጤናህ እንዴት ነው? ቀጠሮህ መቼ ነው? ቤት ምን ልንገርልህ? መልሱን ከበሩ እንደወጣችሁ ጻፉ።

«እናስፈታሃለን» አትበሉ። ቃል የምትገቡት በእጃችሁ ላለው ነገር ብቻ ይሁን። «በሚቀጥለው ወር እንመጣለን» ካላችሁ ዝናብም ቢሆን ሂዱ። ጠያቂ የለመደ ሰው በቀጠራችሁት ቀን ፊቱን ታጥቦ፣ ልብሱን አስተካክሎ ከጠዋት ጀምሮ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። ስሙ ሳይጠራ ሲቀር የሚሰማውን አስቡት።

ደረጃ 9፦ መዝገቡን ተከታተሉ

ከስንቅ ይልቅ የሰውን ዕድሜ የሚያተርፈው ይህ ነው። ጥቂት ማኅበር ብቻ ነው የሚሠራው፤ እናንተ ሥሩት።

ፍርዱ በተሰጠ ቀን ግልባጩን ጠይቁ። የይግባኝ ጊዜ አጭር ነው። ፍርዱ ከነሐሴ 2015 በፊት ከሆነ ወረቀቱ ላይ የደቡብ ክልልን ስም ታያላችሁ። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከዚያ በኋላ የተቋቋመ ስለሆነ ግራ አትጋቡ፤ መዝገቡ አሁን የት እንዳለ ሬጅስትራሩን ጠይቁ።

አመክሮውን አስሉ። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ሲሞላው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ታስሮ 6 ዓመት የተፈረደበት ሰው ሁለት ሦስተኛው 4 ዓመት ነው፤ ሐምሌ 1 ቀን 2018 ይሞላዋል። ከፍርድ በፊት የታሰረበት ጊዜ እንዲታሰብለት ፍርዱ ላይ መጻፉን አረጋግጡ።

ቀኑን በደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፉ። ሦስት ወር ሲቀረው ተቋሙ ስሙን ለአመክሮ ማቅረቡን ጠይቁ። አመክሮ በራሱ የሚመጣ አይደለም፤ መልካም ጠባይና ያደረሰውን ጉዳት በአቅሙ መካስ ይታያል። ደጋጋሚ ወንጀለኛ ላያገኘው ይችላል።

ይቅርታ ሌላ መንገድ ነው። ክልሎች ብዙ ጊዜ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ይሰጣሉ፤ ማመልከቻውን ግን ከወራት በፊት አሰናዱ።

ሕጉ ከከበዳችሁ ጉብሬ ወደሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ሂዱና ነፃ የሕግ ምክር ጠይቁ። ለሴት ጉዳይ በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አነጋግሩ። በማረሚያ ቤቶች ሲሠራ የቆየው ጀስቲስ ፎር ኦል–ፕሪዝን ፌሎውሺፕ ኢትዮጵያም አለ። የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በፍትሕና በመብት ሥራ እንዳይገቡ አግዶ ነበር፤ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ገደቡን አንሥቶታል። ስለዚህ ድርጅቶቹን በደብዳቤ ለመጠየቅ አታመንቱ።

ደረጃ 10፦ ቤቱን አትርሱ

የታራሚውን ቤት በወር አንድ ጊዜ እዩ። የልጆቹን የትምህርት ቤት ካርድ ተመልከቱ። ደብተርና ዩኒፎርም ከጎደለ አሟሉ። እንሰቱ ሳይታረም ከቆየ ወጣቶችን ለአንድ ቀን ደቦ ጥሩ። ልጆች «የእስረኛ ልጅ» ተብለው የሚሰደቡ ከሆነ መምህሩን አነጋግሩ።

ከዚያ ወሬውን ይዛችሁ ወደ ወልቂጤ ተመለሱ። የልጁን ውጤት የሰማ አባት ሌሊቱን ይተኛል።

ታራሚው ሸማ ወይም ሹራብ የሚሠራ ከሆነ ድርና ማግ ወይም የሹራብ ክር በተቋሙ ፈቃድ አስገቡለት። ሥራውን በአገና ገበያ ሽጡለት። ገንዘቡን ለቤቱ ስጡና አስፈርሙ።

ደረጃ 11፦ ዕርቁን ለሽማግሌ ስጡ

ደም የፈሰሰ ከሆነ ራሳችሁ አትግቡበት። ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቅጫ የሚባል የቆየ ባህላዊ ሕግ አለው፤ መንገዱን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። እነሱን ጥሩ። ጊዜ ስጧቸው።

ዕርቁ ሲያልቅ በጽሑፍ አስፍሩ፤ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይፈርሙበት። አንዱን ቅጂ ለማረሚያው አስገቡ። በግድያ ለተፈረደበት ሰው የይቅርታ ማመልከቻ ሲታይ ዕርቅ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል።

የተበዳይን ቤተሰብ አትጫኑ። አልታረቅም ካሉ ተመለሱ። ሴት ወይም ሕፃን ተደፍሮ ክስ በሂደት ላይ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ ሽማግሌ አትላኩ። እንዲህ ያለውን ክስ በሽምግልና ማስቀረት የተበደለችውን ልጅ ሁለተኛ መበደል ነው፤ ማኅበራችሁ በዚህ ውስጥ ስሙ አይነሳ።

ደረጃ 12፦ የሚፈታበትን ቀን አዘጋጁ

የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ሕጎች የኅብረተሰብ ግዴታ እስረኛው በተፈታ ቀን እንደማያበቃ ደንግገዋል። እናንተም በዚሁ ዕቅዳችሁን አውጡ።

ሁለት ወር ሲቀረው ማደሪያው የት እንደሆነ ጠይቁ። የተበዳይ ቤተሰብ መፈታቱን አስቀድሞ ከሽማግሌ አፍ ይስማ፤ ድንገት ገበያ ላይ አያግኙት። ቂም ያልበረደ ከሆነ ለጥቂት ጊዜ ሌላ ቀበሌ ያለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

በዕለቱ ሁለት ሰው በር ላይ ይቁም። ልብስ፣ ጫማና የመጓጓዣ ብር ይዛችሁ ሂዱ። የመፈቻ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አድርጉ፤ ዋናውን እሱ ይያዝ። በቀጥታ ወደ ቤቱ ውሰዱት።

በዚያው ሳምንት ቀበሌ ሄዶ መታወቂያውን ያድስ። በአመክሮ የተፈታ ከሆነ የተሰጡትን ግዴታዎች አብራችሁ አንብቡ፤ ከጣሰ ቀሪውን ቅጣት ለመጨረስ ሊመለስ ይችላል።

ሥራ ፈልጉለት። ውስጥ የተማረው እንጨት ሥራ ከሆነ መጋዝና መላጊያ ግዙለት፤ ልብስ ስፌት ከሆነ የሚሠራበትን መኪና ለሦስት ወር ተከራዩለት። ጥሬ ገንዘብ ከመስጠት ዕቃ መስጠት ይሻላል።

ስድስት ወር በየሁለት ሳምንቱ ቤቱ ድረስ ሂዱ። ዕድሩ በስብሰባ ይቀበለው፤ የመግቢያውን ክፍያ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ እያካፈለ ይክፈል።