ግራፊን ኦክሳይድ ከብልቃጥ ወደ ጋን፦ በብዛት የማምረት የሙቀት አደጋ

ከባለ ሁለት አውታር ናኖ ቁሶች መካከል በቅድሚያ የሚጠቀሰው ግራፊን ነው፤ ይኸውም ውፍረቱ የአንድ ካርቦን አቶም ብቻ የሆነ ንጣፍ ነው። መሰል ንጣፎችን በብዛት ለማግኘት ከተዘወተሩት መንገዶች አንዱ ግራፋይትን ወደ ኦክሳይድ ለውጦ በውኃ ውስጥ መለያየት ሲሆን፣ መነሻውም ሐመርስና ኦፍማን እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተሙት ዘዴ ነው። ምርቱ ሲያድግ የዘዴው ዋነኛ አደጋ የኬሚካሎቹ መርዛማነት ሳይሆን የሙቀት ሚዛን መዛባት እንደሆነ ይህ ጽሑፍ ያስረዳል።

በዘዴው መሠረት 100 ግራም ግራፋይትና 50 ግራም ሶዲየም ናይትሬት በ2.3 ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ ይበጠበጣሉ። ቀጥሎም 300 ግራም ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ በዚህ ጊዜ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማለፍ የለበትም። ፐርማንጋኔት ካልተበረዘ አሲድ ጋር ሲገናኝ ማንጋኒዝ ሄፕቶክሳይድ የተባለ ቅባታማ ፈሳሽ ሊፈጠር ይችላልና። ይህ ፈሳሽ ከ55 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ ይፈነዳል፤ ኦርጋኒክ ነገር ከነካው ደግሞ ያን ያህል መሞቅ እንኳ አያሻውም።

ለብልቃጥ የበረዶ መንከሪያ ይበቃዋል። የዕቃው ቁመትና ወርድ 10 እጥፍ ሲያድግ ግን ይዘቱ 1000 እጥፍ፣ የግድግዳው ስፋት 100 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ሙቀት የሚመነጨው በይዘቱ ልክ፣ የሚወጣው ደግሞ በግድግዳው በኩል ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው የማቀዝቀዣ ገጽ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል። ስለዚህ የፐርማንጋኔቱ አጨማመር ፍጥነት ራሱ የደኅንነት መቆጣጠሪያ ነው። ከልክ በላይ ማቀዝቀዝም አይበጅም፤ አጸግብሮቱ ሲዘገይ ፐርማንጋኔቱ ሳይሠራ ይጠራቀምና ሙቀቱ ከፍ ሲል በአንድ ጊዜ ይነሣል። የማማሰያ መቆም የሚያስከትለውም ይህንኑ ነው።

ውኃ የሚጨመርበት ደረጃ ሌላው አስጊ ወቅት ነው፤ በመጀመሪያው ዘዴ ድብልቁ በኃይል እየፈላ 98 ዲግሪ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከራይስ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የተሻሻለ ዘዴ ሶዲየም ናይትሬትን በማስቀረት መርዛማ የናይትሮጅን ጋዞችን አስወግዷል። ፐርማንጋኔቱ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ድብልቁ ለ12 ሰዓታት የሚቆየው በ50 ዲግሪ ነው፤ ከአደጋው ወሰን የሚለየውም 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመጨረሻውን ምዕራፍ ይመስለኛል። ደረቅ ግራፊን ኦክሳይድ ሲሞቅ ሙቀትና ጋዝ እያወጣ ይበታተናል፤ በደንብ ካልታጠበና የፖታሲየም ጨው ከቀረበት ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል። በክምር መሐል የመነጨ ሙቀት መውጫ ስለሌለው፣ ምርቱን በስስ ንጣፍና በዝቅተኛ ሙቀት ማድረቅ፣ ወይም ከነውኃው ማከማቸት ይመረጣል።