አንድ ድስት ለጿሚውም ለማይጾመውም

ወዳጆቻችንን በጾም ቀን ስንጋብዝ ጿሚና የማይጾም አብረው ስለሚመጡ ሁለት ድስት መጣድ ግድ ይሆንብናል። ማገዶ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የማሌዢያን «ናሲ ለማክ» እንመለከታለን። ትርጉሙ «ቅባት ያለው ሩዝ» ማለት ነው። ቅባቱ ከኮኮናት ስለሚገኝ ለጾም ይሆናል። በኬንያ ጠረፍ የሚበላው «ዋሊ ዋ ናዚ»ም እንደዚሁ በኮኮናት የሚበስል ሩዝ ነው።

አሠራር (ለ4 ሰው)

1. የ1 ኮኮናት ሥጋ ፍቀን፣ በ3 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ አሽተን፣ በንጹሕ ጨርቅ እናጠልላለን።

2. 2 ኩባያ ሩዝ ውሃው እስኪጠራ አጥበን፣ ከኮኮናቱ ወተት፣ ከጨውና ከዝንጅብል ጋር እንጥዳለን። ማሌዎች ፓንዳን የሚባል መዓዛማ ቅጠል ይጨምሩበታል፤ ካልተገኘ ይቅር። ሲፈላ እሳቱን ቀንሰን፣ ከድነን፣ 20 ደቂቃ ያህል እናበስላለን። አውርደን 10 ደቂቃ ሳንከፍት እናቆየዋለን።

3. ለማባያው «ሳምባል» ዛላ በርበሬ ዘፍዝፈን፣ ከቀይና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጠን፣ በዘይት እናቁላላለን። በመጨረሻ ጥቂት ስኳርና ሎሚ እንጨምራለን።

4. ከተቆላ ኦቾሎኒና ከኪያር ጋር እናቀርባለን። የተቀቀለ እንቁላልና የተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ በሌላ ሳህን ይቀመጥ፤ የማይጾም ያንሣ።

ማሳሰቢያ፦ የበሰለ ሩዝ በሙቀት ከቆየ የሚያስታውክና የሚያስቀምጥ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። መልሶ ማሞቅም መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ ከበሰለ በኋላ 2 ሰዓት ሳይሞላው እንብላ፤ የሚተርፍ ከመሰለን ሳይቀዘቅዝ ለጎረቤት እናካፍል እንጂ አናሳድር።

መልካም ማዕድ!