ያረጀ ጎማ የማን ኪሳራ ነው? ከብት ከመጫኑ በፊት የጎማን ዕድሜ ስለ ማንበብ

የከብት ነጋዴ መኪና ሲከራይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ኪራዩ ስንት ነው፣ ስንት ራስ ይጭናል፣ መቼ ይደርሳል። ጎማውን የሚያይ ካለም የሚያየው ጥርሱን ነው። ጥርሱ ካላለቀ «ጎማው ደህና ነው» ይባልና ከብቱ ይጫናል። ጎማ ግን የሚያልቀው በመሄድ ብቻ አይደለም፤ ዓመት በመቁጠርም ያልቃል። በመሄድ ያለቀውን ዓይን ያየዋል። በዕድሜ ያለቀው ግን ጉዳቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መንገድ ላይ ሲፈነዳ ነው።

ጎማው የባለመኪናው፣ ከብቱ የነጋዴው

አሮጌ ጎማ ሳይለወጥ ሲቀር የሚተርፈው ገንዘብ የባለመኪናው ነው። ጎማው ሲፈነዳ የሚሞተው፣ የሚሰበረውና የሚከሳው ከብት ግን የነጋዴው ነው። ቁጠባው ለአንዱ፣ ጉዳቱ ለሌላው በሚሆንበት ሥራ ጥንቃቄ ይጓደላል። ለዚህ የባለመኪናው ክፋት አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል። ስለዚህ ስለ ጎማው ዕድሜ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ከብቱ የእሱ የሆነው ሰው ነው።

ጎማ ለምን ያረጃል?

የጎማ ላስቲክ ከአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅንና ኦዞን ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ መለጠጡን እያጣ ይደርቃል። ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ይህን ያፋጥኑታል። ከጥርሱ ሥር የተነጠፉትን የብረት ክሮች ከላስቲኩ ጋር ያጣበቀው ክፍልም አብሮ ይደክማል። እንዲህ የደከመ ጎማ ከባድ ጭነት ይዞ በጋለ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሄድ ጥርሱ ከአካሉ ተገሽልጦ ሊወጣ ወይም ጎማው በአንድ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል።

የአካባቢው የከብት መስመሮች ለዚህ የተመቹ ናቸው። ከአዋሽ በሚሌና በጋላፊ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌና በሐርጌሳ ወደ በርበራ የሚወስዱት መንገዶች መጨረሻቸው ሞቃታማ የባሕር ዳርቻ ነው። ከሞያሌ በማርሳቢት ወደ ኢሲዮሎ የሚሄደው አስፋልት ደግሞ ረጅምና ገላጣ ስለሆነ ሾፌሩን ለፍጥነት ይጋብዛል። በቅርብ ዓመታት የሐጅ ወቅት በግንቦትና በሰኔ ላይ መዋሉ ሌላ ጫና ጨምሯል። የከብት ፍላጎት ከፍ የሚልበትና የባሕር ዳርቻው ሙቀት የሚበረታበት ጊዜ ተገናኝተዋል። በዚያ ወቅት መኪና ስለሚጠፋ ቆሞ የከረመው አሮጌ መኪናም ለጭነት ይወጣል።

ሕይወት ያለው ጭነት

ሲሚንቶ ወይም እህል በተጫነበት ቦታ ይቆያል። ከብት ግን ቆሞ ነው የሚጓዘው፤ ክብደቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ መኪናው ሲታጠፍና ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ይገፋል። የፊት ጎማ ከፈነዳ መሪው ወደ ፈነዳው ጎን ይጎትታል፤ ከብቱም በድንጋጤ አብሮ ይገፋል። መኪናው የመገልበጥ ዕድሉ የሚጨምረው ለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ አደጋው በሾፌሩ፣ በረዳቱና ከከብቱ ጋር ላይ በተሳፈሩት ጠባቂዎች ሕይወት ላይ ጭምር ነው።

የኋላ ጎማዎች ጎን ለጎን በመንታ ስለሚገጠሙ አንዱ ቢተነፍስ መኪናው መሄዱን ይቀጥላል። ይህ ግን ያዘናጋል። የሁለቱን ጭነት ብቻውን የተሸከመው ጎማ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ያረጀ ከሆነም ተከትሎ ይፈነዳል። በተለይ የውስጠኛው ጎማ ከውጭ በደንብ ስለማይታይ ነፋሱ በመለኪያ መታየት አለበት።

መኪናው ባይገለበጥም መቆሙ ብቻውን ያከስራል። መኪና ሲሄድ ነፋስ በከብቱ መካከል ያልፋል፤ ሲቆም በተጨናነቀው ጭነት ውስጥ ሙቀቱ ይከማቻል። የደከመው ከብት ይተኛል፣ የተኛውንም ሌላው ይረግጠዋል። ያለ ውኃና መኖ አንድ ቀን የቆየ በሬ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ሊያጣ ይችላል። በሞጆና በቢሾፍቱ ላሉ የወጪ ንግድ ቄራዎች የሚቀርብ በግና ፍየልም ቢሆን ከእርድ በፊት ረጅም ጭንቀት ከደረሰበት በጡንቻው ያለው የኃይል ክምችት ያልቃል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ኳራንታይን መግቢያ ወይም መርከብ መጫኛ ቀን ካለፈ ደግሞ የማቆያና የመኖ ወጪ ይጨመራል።

የጎማ ዕድሜ እንዴት ይነበባል?

በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ፊደላትና ቁጥሮች መካከል አራት አኃዞች ብቻቸውን፣ ብዙውን ጊዜ በእንቁላል ቅርጽ መስመር ተከበው ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመቱን ያሳያሉ። ለምሳሌ 3521 ማለት በ2021 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 2013 መጨረሻ ላይ ይውላል። አራት ሳይሆን ሦስት አኃዝ ብቻ ያለው ጎማ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ስለሆነ ምንም ቢመስል ከብት ሊጫንበት አይገባም። ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ የሚጻፍበት ጊዜ ስላለ በውጭ በኩል ካልተገኘ በውስጥ በኩል መፈለግ ያስፈልጋል።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ2018 ዓ.ም. ጎማ የሚያይ ሰው 2018 የሚል ቁጥር ቢያገኝ «የዘንድሮ ነው» ሊል ይችላል። ቁጥሩ የሚለው ግን በ2018 እ.ኤ.አ. 20ኛው ሳምንት፣ ማለትም ግንቦት 2010 ዓ.ም. ነው። አዲስ የተባለው ጎማ ከ7 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። በጎማ ላይ የሚጻፈው ዘመን ሁልጊዜ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ስንት ዓመት ይበቃል?

ብዙ የመኪና አምራቾች ጎማ በ6 ዓመቱ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ከጎማ አምራቾች መካከል ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት የሞላው ግን ደህና ቢመስልም እንዲወገድ የሚያሳስቡ አሉ። በቆላ ሙቀት ከባድ ጭነት ለሚሸከም መኪና ወደ 6ቱ ዓመት መጠጋት ይሻላል፤ በተለይ ለፊት ጎማዎች። ዕድሜው የሚቆጠረው ከተሠራበት ቀን እንጂ ከተገዛበት ወይም ከተገጠመበት ቀን አይደለም። መኪናው ሥር ተንጠልጥሎ የከረመ ስኮርታ መሬት ሳይነካ ያረጃል።

የሚያታልሉ ነገሮችም አሉ። በቅባት የተወለወለ ጎማ ስንጥቁ አይታይም። ጥርሱ በስለት እንደገና የተቆረጠ ጎማ አዲስ ይመስላል፤ የብረት ክሮቹን የሚሸፍነው ላስቲክ ግን ሳስቷል። አዲስ ጥርስ የተለጠፈበት ጎማም ቢሆን ከሥር ያለው አካሉ የድሮው ነው።

ሒሳቡ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የቀረቡ ስለሆኑ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ዋጋ ይተካቸው። አንድ መኪና እያንዳንዳቸው 90,000 ብር የሚያወጡ 16 በሬዎች ጭኗል እንበል። ጎማ ፈንድቶ መኪናው ቆመ፤ አንድ በሬ ሞተ፣ የቀሩት 15 በክሳትና በቁስል ከዋጋቸው 3 በመቶ አጡ።

የሞተው በሬ፦ 90,000 ብር
የ15ቱ የዋጋ ቅናሽ፦ 40,500 ብር
ውኃ፣ መኖና የማዛወሪያ ጉልበት፦ 9,500 ብር
ጠቅላላ፦ 140,000 ብር

ጎማው ያላረጀ ሌላ መኪና በኪራይ 2,000 ብር ይበልጣል እንበል። 140,000 ለ2,000 ሲካፈል 70 ይሆናል። በሌላ አነጋገር በ70 ጉዞ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ብልሽት የሚያስቀር ከሆነ ጭማሪው ራሱን ይመልሳል፤ ከአንድ በላይ ካስቀረ ነጋዴው ያተርፋል። መገልበጥ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም። የሰው ሕይወት ደግሞ በብር አይተመንም።

ከመጫኑ በፊት

ነጋዴው ወይም ወኪሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እነዚህን ማየት ይችላል።

• የሁሉንም ጎማዎች፣ የስኮርታውንም ጭምር፣ አራት አኃዝ ማንበብና መጻፍ፤ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።
• በጎማው ጎንና በጥርሶቹ መካከል ስንጥቅ፣ እብጠት ወይም የወጣ የብረት ክር መኖሩን ማየት።
• ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነፋሱን በመለኪያ ማስለካት። መንገድ ላይ «ሞቋል» ተብሎ ነፋስ መቀነስ የለበትም፤ ነፋሱ ያነሰ ጎማ ይበልጥ ስለሚተጣጠፍ ይበልጥ ይግላል።
• ያረጀ ጎማ ከፊት ካለ እንዲለወጥ መጠየቅ። ወደ ኋላ ማዛወር ለጊዜው መሪውን ያድን ይሆናል እንጂ ጎማውን አያድሰውም።
• ክሪክ፣ የቡሎን መፍቻና የሚሠራ ስኮርታ መኖራቸውን ማረጋገጥ።

በኪራይ ውል ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመርም ይጠቅማል፤ ከተስማሙበት ዕድሜ ያለፈ ጎማ ፈንድቶ ጉዞው ከተጓደለ የማዛወሪያውን ወጪ ባለመኪናው ይሸፍናል የሚል። የጎማው ዋጋና የከብቱ ኪሳራ ያን ጊዜ በአንድ ሰው ሒሳብ ውስጥ ስለሚገናኙ ባለመኪናውም ጎማውን በጊዜው ለመለወጥ ምክንያት ያገኛል።

ይህ ሁሉ መሠራት ያለበት በጭነቱ ዋዜማ፣ ሌላ መኪና ለመፈለግ ጊዜ ሳለ ነው። ከብቱ ማሳፈሪያው ላይ ከደረሰ በኋላ ነጋዴው የመደራደር አቅም አይኖረውም፤ ያገኘውን ጎማ ይዞ ይሄዳል።